አስቀድሞ እጁን ዘረጋ

የስብከቱ ንባብ፤ ማቴዎስ 14፥22-33



ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ከተማሪዎች ጋራ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወርደን፥ በዳርቻው ድንኳን ተክለን አምስት ቀን ተቀመጥን። ይህ ሐይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ልጆቹ ማለዳ ኮረብታ ይወጣሉ፤ ቃለ እግዚአብሔር ይሰማሉ፤ ከዚያም በአሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ በተወሰነላቸውም ስፍራ ዋና ይማራሉ። እኛ የደጋ ሰዎች ግን ወንዝ ከመሻገር በቀር ከውኃ ጋራ ብዙ ወዳጅነት የለንም።

ከመሄዳችን አስቀድሞ አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ ልጅዋን ለመላክ እንደ ፈራች ነገረችኝ። የበኵር ልጅዋን በክረምት ወራት የወንዝ ሙላት ወስዶባታልና። እኔም ላጽናናት ሲገባኝ፤ «እምነትዎ ወዴት አለ?» ብዬ ገሠጽኋት። እርስዋም አንገትዋን ደፍታ ሄደች፤ ልጁንም ላከችው።

ልጁ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ባልንጀሮቹ ሲዋኙ እርሱ በአሸዋው ላይ ቆሞ ይመለከት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጴጥሮስ በባሕር ላይ እንደ ሄደ ሰበክሁ፤ መፍራት እንደማይገባም አጥብቄ ተናገርሁ። ስብከቱ ሲፈጸም ልጁ ወደ እኔ ቀርቦ፤ «ጋሼ፥ እርስዎስ ወደ ውኃው ይገባሉ?» አለኝ። ዋና አላውቅም፤ እስከዚያም ቀን ድረስ እግሬን ውኃ አላስነካሁም ነበር። ስለዚህ መልስ አጣሁ።

የዋናው መምህር ግን ይህን ሰምቶ ውኃው እስከ ወገቡ በሚደርስበት ስፍራ ቆመና ሁለት እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። «አትፍራ» አላለውም፤ «እኔ እይዝሃለሁ፤ ና» አለው እንጂ። እኔንም ጠራኝ፤ ልጁና እኔም ጎን ለጎን ገባን። ጥቂት እንደ ሄድን ልጁን አዳለጠውና ራሱ ከውኃው በታች ሆነ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ድፍርስ ስለ ሆነ ወደ ውስጥ የገባ ሰው አይታይም። እኔ ደንግጬ ስቆም መምህሩ በቅጽበት ክንዱን ይዞ አወጣው። ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ደግፎ ያዘው፤ እግሩን እንዴት ማኖር እንደሚገባው ያስተማረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያች ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ወንጌሉን ደግሜ አነበብሁ። የገሊላ ባሕርም በከፍታዎች መካከል ያለ ሐይቅ ነው፤ ነፋስ ሲወርድበት በድንገት ይታወካል። በዚያ ጴጥሮስ መስጠም በጀመረ ጊዜ ጌታ ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ ስለ መጠራጠሩ የጠየቀው ከያዘው በኋላ ነው። እንግዲህ ያ ተግሣጽ በጌታ እጅ ለተያዘ ሰው የተነገረ ተግሣጽ ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ተግሣጹን ብቻ ሰበክሁ! ለዚያችም እናት እጄን ሳልዘረጋ ተግሣጹን አስቀደምሁባት።

ወዳጆቼ ሆይ፤ የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ እንደምናስበው አይጮኽም። ትንፋሽ ስለሚያጥረው ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ስለዚህ መምህራኑ ልጆቹን ሲገቡም ሲወጡም ይቈጥሩ ነበር፤ ማንም ብቻውን እንዲገባ አይፈቅዱም ነበር፤ ነፋስ ሲነሣም ሁሉን ያስወጡ ነበር። ይህ ጥንቃቄ የፍቅር ሥራ ነው እንጂ እምነት ማጣት አይደለም። በማኅበረ ምእመናናችንም መካከል ዝም ብሎ የሚሰጥም አለ። ሦስት እሑድ ከመቀመጫው የታጣው ወንድም፥ ዕዳ ያስጨነቀው አባት፥ ከከተማ አፍራ ተመልሳ ከቤት የማትወጣው ልጅ፥ እነዚህ አይጮኹም። እኛስ እንቈጥራቸዋለንን? ወይስ በአሸዋው ላይ ቆመን ስለ እምነት እንናገራለን?

ከጉዞው በተመለስን ጊዜ ወደዚያች እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ። ልጁን ውኃው ውስጥ እንዳዳለጠውም አልሸሸግሁባትም። እርስዋም ብዙ ዝም ካለች በኋላ፤ «ማን ያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። «እግዚአብሔር ያን እጅ ይባርከው» አለች፤ ቡናም አፈላችልኝ።

እጄ አጭር እንደ ሆነች በዚያ ቀን አይቻለሁ። ነገር ግን መጽናናታችን በእጃችን ብርታት አይደለም። ሉተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1529 ዓ.ም. ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝም፥ አሮጌው ሰው በየዕለቱ በንስሓ መስጠም፥ አዲሱም ሰው መነሣት እንደሚገባው ስለ ጥምቀት ሲናገር ያስተምራል። በዚያ ውኃ ክርስቶስን እኛ አልያዝነውም፤ እርሱ ያዘን እንጂ። ሕፃኑ መያዝ ሳያውቅ ተያዘ። የተያዘም ሰው እጁን ወደ ሌላው ሊዘረጋ ይችላል።

እንጸልይ፤ ጌታ ሆይ፥ በጥምቀት የያዝኸን አንተ ነህና አትልቀቀን። ዝም ብሎ የሚሰጥመውን የሚያይ ዓይን፥ ከመገሠጽም በፊት የሚዘረጋ እጅ ስጠን። ልጆቻችንንም ሲወጡና ሲገቡ ጠብቅልን። አሜን።