የሽቦዋ መኪና ዋጋ ስንት ነው?



በቅድሚያ አንድ ቀላል ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ልጆች ሳላችሁ በምን ትጫወቱ ነበር? የአብዛኞቻችን መልስ ተመሳሳይ ይመስለኛል፦ ከአሮጌ ካልሲ በተሠራ ኳስ፣ ከጭቃ በተበጀ በሬ፣ ጎማዋ ቆርኪ በሆነ የሽቦ መኪና፣ ከእራፊ ጨርቅ በተሰፋ አሻንጉሊት። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንደ መጀመሪያው ቀላል አይደለም። ያ መጫወቻ ዛሬ ገበያ ላይ ቢቀርብላችሁ በስንት ብር ትገዙት ነበር? ለምንስ ብላችሁ?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣብኝም። ባለፈው ዒድ የወንድሜ ልጅ ከምትኖርበት ባሕር ማዶ ልትዘይረን ደብረ ብርሃን ድረስ መጣች። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ ማታ ማታ ካፖርት መደረብ ቅንጦት አይባልም። እሷም ደረበች። ታዲያ ካፖርቷ ከትከሻ እስከ ወገብ ትንንሽ የድብ አሻንጉሊቶች የተሰፉበት ነበር። እናቴ አተኩራ ስታያት ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ የሕፃን ነው ወይስ የአዋቂ?» ስትል ጠየቀቻት።

«የአዋቂ ነው እማማ፣ ፋሽን ነው» አለች ልጅቱ እየሳቀች። ዋጋውን ስትነግረን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። በልቤ ወደ ብር መነዘርኩት። እኔ መምህሩ በአንድ ዓመት ከማገኘው ደመወዝ ጋር የሚቀራረብ ነበር።

እናቴ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እኔ ለአክስቶችሽ ስሠራላቸው በነጻ ነበር» አለች።

እናቴ ከአንኮበር ቁልቁል የአልዩ አምባ አካባቢ ልጅ ናት። አልዩ አምባ ጥንት የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ስመ ጥር ገበያ የነበረች፣ በአርጎባ ሸማኔዎቿም የምትታወቅ ናት። እናቴ ከሸማኔ ቤት የሚተርፈውን ቁራጭና ክር ለቅማ፣ ለእህቶቼ አሻንጉሊት ትሰፋላቸው ነበር። የአሻንጉሊቷ ዓይን በከሰል የተነቆጠ፣ ፀጉሯ ጥቁር ክር ነበር።

ያን ምሽት የወንድሜን ልጅ በሆዴ ወቀስኳት። «ይህ ኢስራፍ ካልሆነ ምን ኢስራፍ ይባላል?» አልኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ፍርዴ የችኮላ መሆኑ ገባኝ። እስቲ ጉዳዩን ከሥሩ አብረን እንመርምረው።

የልጅነት መጫወቻን በውድ ልብስ ላይ ማዋል የትናንት ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳዊው የልብስ ነዳፊ ዣን ሻርል ደ ካስቴልባዣክ የድብ አሻንጉሊቶችን ሰፍቶ ካፖርት የሠራው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ደግሞ ጄረሚ ስኮት የተባለው ነዳፊ ለሞስኪኖ ድርጅት ሚላን ላይ ባቀረበው ትርኢት፣ ሞዴሎቹን እንደ ባርቢ አሻንጉሊት አልብሶ አሰልፏቸዋል። በተከታዩ ዓመት የድርጅቱን ልብስ የለበሰች ባርቢ በ150 ዶላር ለሽያጭ ቀርባ፣ ብዙም ሳትቆይ ተሸጣ አለቀች። ባርቢ ራሷ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1959 ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። ሻኔል የተባለው የፓሪስ ድርጅትም በ2013 የሌጎ ጡብ የሚመስል የእጅ ቦርሳ አውጥቶ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ሸጧል። ሌጎ ግን በ1932 ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አናጢ ቤት የእንጨት መጫወቻ በመሥራት የተጀመረ ነው።

መጫወቻ የሚሰበስቡ ሰዎች በዚህ ጉዳይ በሁለት ጎራ ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፣ «መጫወቻ ርካሽ የሆነው ማንኛውም ልጅ እጁን ዘርግቶ እንዲያገኘው ነበር፤ እናንተ ግን የሁላችንንም ልጅነት ወስዳችሁ የባለጠጋ ጌጥ አደረጋችሁት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የለም! ተንቆ ለኖረ ነገር ክብር ተሰጠው እንጂ ምን ተበደለ? አዋቂስ ቢሆን ደስታ አያስፈልገውም? በላቤ ባገኘሁት ገንዘብ ብለብሰው ማን ምን አገባው?» ሲል ይመልሳል።

ውድ አንባብያን፣ ፈጥነን ከመጀመሪያው ወገን ጋር አንሰለፍ። ሁለተኛው ወገን እውነት አለው። ደስታ ነውር አይደለም፣ መጫወቻም እርኩስ አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በአሻንጉሊቶች ትጫወት እንደነበር በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። ከመጫወቻዎቿ መካከል ክንፍ የተሠራለት ፈረስ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «ፈረስ ክንፍ አለው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሲያቀርቡላት፣ የነቢዩ ሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አስታውሳ መለሰችላቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ልብ በሉ! የፈረሱ ክንፍ እራፊ ጨርቅ ነበር። ያሳቃቸው የመጫወቻው ውድነት ሳይሆን የባለቤቷ መልስ ነው።

አዋቂም ቢሆን በመጫወቻ መደነቁ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከጠመንጃው ጋር ሙዚቃ የሚያሰሙ ሳጥኖችም ይዞ ነበር። ልዑኩ ንጉሥም የልጅ ልብ እንዳለው ያውቅ ኖሯል።

እንዲሁም የዋጋው መናር ብቻውን ጥፋት ነው ልንል አንችልም። የመንዝን ባና አስቡ። የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፣ በሴቶች እጅ ተፈትሎ፣ በወንዶች እጅ ተሸምኖ ነው ከብርድ የሚያድነን። ይህን ያህል ድካም በርካሽ መግዛት ሊያኮራን አይገባም። ርካሽ የምንለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱን ሌላ ሰው በድካሙ የከፈለልን ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተችው ሶልሬብልስም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጫማ እያሠራ ወደ ውጭ አገር ልኳል። መነሻው እረኛውና ወታደሩ ሲያደርገው የኖረው በረባሶ ነው። የድሃ ጫማ ፋሽን ሆነ ብለን እንዘን? እኔ አላዝንም፤ ሥራው እዚያው ለድሃው ሰፈር እጆች እንጀራ ሆኗልና። ስለዚህ ከዋጋው መጠን ይልቅ «ገንዘቡ ለማን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የሚጀምረው የማይሸጥን ነገር ልንገዛ ስንነሳ ነው። የእናቴ አሻንጉሊት ዋጋ ቁራጩ ጨርቅ አልነበረም። በኩራዝ ብርሃን መርፌ ይዛ የተቀመጠች እናት፣ አጠገቧ «አለቀ? አለቀ?» እያለች የምትነዘንዝ ልጅ፣ በማግስቱም ተሰብስበው የሚያዩ የጎረቤት ልጆች ነበሩበት። ሱቅ የሚሸጠው የዚህን ሁሉ መልክ ነው። መልኩን ገዝተን ነገሩን ያገኘን ሲመስለን ራሳችንን እናታልላለን። መልኩን የገዛነው «ይዩልኝ» ብለን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ያን ጊዜ የምንለብሰው ልጅነታችንን ሳይሆን ዋጋውን ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከደብረ ብርሃን ጥቂት ወጣ ስትሉ፣ በጎቹን በሜዳው በትኖ የጭቃ በሬ የሚሠራ እረኛ ልጅ ታገኛላችሁ። ለእኛ ትዝታ የሆነው ለእሱ ዛሬው ነው። የወንድሜ ልጅ ካፖርቱን ባትገዛ ኖሮ ያ ልጅ ይለብስ ነበር አልልም፤ እንዲህ ያለው ሒሳብ አፍ ለማዘጋት እንጂ እውነት ለማግኘት አይረዳም። ነገር ግን የራሱን የጭቃ በሬ እየናፈቀ የሚያነባ ጎልማሳ፣ በአጠገቡ ያለውን የጭቃ በሬ ሠሪ ሳያይ ካለፈ፣ ናፍቆቱ ምን ጠቀመው?

እስከዚህ ድረስ ሌሎችን ስመረምር ነበር። አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ።

በሦስተኛው ቀን ጧት፣ የስድስት ዓመቱ ልጄ ካፖርቱ ከተሰቀለበት ሥር ቆሞ ድቦቹን ሲቆጥር የወንድሜ ልጅ አገኘችው። አውርዳ አለበሰችው። መሬት ለመሬት እየጎተተ በቤቱ ዞረበት። ትንሽ ቆይቶ የአንዱን ድብ ጆሮ ገነጠለው። እኔ የዓመት ደመወዜ የተቀደደ ያህል ደንግጬ ብድግ አልኩ። እሷ ግን ሳቀች። «ተወው አጎቴ፣ መጫወቻ ለዚህ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያም እናቴ ጆሮውን በጥቁር ክር ስትሰፋ እያየች፣ አባቷ በሰው አገር ባሳለፉት የመጀመሪያ ክረምት ከትንሿ ደመወዙ ቀንሶ አንዲት ድብ እንደገዛላት ነገረችን። ቋንቋ በማታውቅበት ትምህርት ቤት ውላ ስትመጣ የምታወራት ያችን ድብ ነበር። አባቷ፣ ማለትም ወንድሜ (አላህ ይዘንለትና)፣ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው በሰው አገር አርፏል።

እኔ «ይዩልኝ» ብዬ የፈረድኩበት ልብስ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ኖሯል። ኒያን የሚያውቀው አላህ ብቻ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንቴ ነግሬያለሁ! ለራሴ ሲሆን ግን ጠፋኝ። አሁንም ካፖርቱ ተወዷል እላለሁ፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ እሷም አልተከራከረችኝም። ፍርዴን ያነሳሁት ከልብሱ ላይ ሳይሆን ከልቧ ላይ ነው።

ልጄ በዚህ መሃል ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባዬ፣ የአንተን መኪናስ መቼ ነው የምትሰጠኝ?» አለኝ።

ቡፌያችን ላይ አንዲት የሽቦ መኪና አለች። ከወንድሜ ጋር በልጅነታችን አልዩ አምባ የሠራናት ናት። ሽቦውን እሱ አጠፈ፣ ቆርኪዎቹን እኔ በሳሁ። ከሃያ ዓመት በላይ አቧራዋን እየጠረግሁ አስቀምጫታለሁ። ልጄ እጁን በዘረጋ ቁጥር «አይነካም!» ስለው ኖሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሞናኮ ውስጥ የሉዊ ቪቶን ልብስ የለበሰ አንድ የድብ አሻንጉሊት በጨረታ በከባድ ገንዘብ ተሸጦ፣ በኋላ ደቡብ ኮሪያ በሚገኝ የአሻንጉሊት ሙዚየም በመስታወት ውስጥ መቀመጡን ሳነብ ስቄ ነበር። አሻንጉሊቶቻቸውን ከነካርቶናቸው ሳይከፍቱ በሚያኖሩ ሰብሳቢዎችም አፊዤ አውቃለሁ። ለካ እኔም መስታወት አልገዛሁ እንጂ ሙዚየም ከፍቼ ኖሯል! ብዙ ገንዘብ የከፈለችው ልጅ ልብሷን ለሕፃን አልብሳ ጆሮው ሲገነጠል ሳቀች። ምንም ያልከፈልኩት እኔ ግን ሽቦ ሰሰትኩ። ከሁለታችን በልጅነት ትዝታ ላይ የበደለ ማን ነው?

መኪናዋን አውርጄ ሰጠሁት። በሳምንቱ አንድ ጎማዋ ጠፋ፣ መሪዋም ተጣመመ። አልዋሻችሁም፤ ልቤ አዝኗል። ከወንድሜ እጅ ሥራ የቀረኝ እሷ ብቻ ነበረችና። ከልጄ ጋር ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆርኪ ለቅመን፣ በሚስማር በስተን፣ አዲስ ጎማ አደረግንላት። ቆርኪውን ስንበሳ፣ «የፊተኛውን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ አጎቱ የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። መኪናዋ ቡፌው ላይ በነበረችበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በመጀመሪያ ያቀረብኩላችሁን ጥያቄ ለራሴ እንዲህ መልሻለሁ። የሽቦዋ መኪና የምታወጣው ዋጋ የለም፤ የምትሰጠው ነገር ግን አለ፣ እሱም የሚገኘው በልጅ እጅ ስትገባ ነው። እናንተም ከልጅነታችሁ የቀረ ነገር በቤታችሁ ካለ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የምገዛው ለልቤ ነው ወይስ ለሰው ዓይን? ገንዘቤስ ለደከመው እጅ ይደርሳል? አንድ ሕፃን መጥቶ ጆሮውን ቢገነጥለው መሳቅ እችላለሁ? ሦስተኛውን «አዎን» ብሎ መመለስ ያቃተው ሰው፣ ዕቃው የእሱ መሆኑ ቀርቶ እሱ የዕቃው ሆኗል ማለት ነው። እኔ እንዲያ ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ።

ወሏሁ አዕለም።