በቃል ያለ ይረሳል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተከራክሬው አላውቅም። በቀደም ግን ዱከም፣ ከቢሾፍቱ መንገድ ዳር ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የመታወቂያ ቅጽ የሚያስሞሉ ሽማግሌ አየሁ። ጸሐፊው ልጅ የአያታቸውን ስም ሲጠይቃቸው አያታቸውን ጠርተው አላቆሙም፤ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ሰባት ቤት ሊደርሱ ሆነ። «አባባ፣ ይበቃል፣ ቦታ የለውም» አላቸው። የተወለዱት ደግሞ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ ጤፍ ሲታጨድ ነው። ልጁ «መስከረም 1» ብሎ ሞላው። እንግዲህ የሚወረሰው ይኼ ነው፤ ጤፍ በመስከረም የሚያጭድ ገበሬ ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ተረቱን መጽሐፍ በሞላበት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ልሞግተው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማ መጽሐፉ ለድጓ የዜማ ምልክት ሠሩለት። እዚህ ድረስ ተረቱ ረትቷል። ድጓውን ገልጦ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከንባቡ በላይ በደቃቁ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል እንደ ድፋትና ቅናት ያሉት ጭረቶች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት ዜማው አስቀድሞ ከተያዘ ሐረግ የተቆረጡ ፊደላት ናቸው። ሐረጉን ከነዜማው በቃሉ ያልያዘ ሰው ፊደሏን ቢያነባትም አያዜማትም። ለዚህ ነው የዜማ ተማሪ ድጓ በእጁ እያለ ከመምህሩ አፍ እየሰማ፣ ሲሳሳት እየታረመ ዓመታት የሚቀመጠው። ጽሑፉን የሚወርሰው በቃሉ የያዘው ነው።

ሽማግሌውም ሰባት ቤት የያዙት የተለየ አእምሮ ስላላቸው አይመስለኝም። በኦሮሞውም ሆነ በአማራው ወግ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፤ ጠያቂ አለ፣ የማነህ የሚል አለ። ሲጠየቁና ሲመልሱ ኖረዋል። የማስታወስ ችሎታን ስለማሳደግ ብዙ ይመከራል፤ እኔ ግን ከጠያቂ ጎረቤት የበለጠ መድኃኒት አላየሁም።

እዚህ ላይ ግን ለተረቱ ግማሹን እለቅለታለሁ። የዱከም እርሻ ፋብሪካና መጋዘን ሆኗል፤ ጎረቤቱ ከየአገሩ የመጣ ነው፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ምን ቸገረው? ጠያቂው ሲሄድ በቃል ያለውም ይሄዳል። ስለዚህ ይጻፍ። የሚጽፈው ግን የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ሳይሆን የልጅ ልጃቸው ይሁን፤ እሳቸው እየጠሩ፣ እሱ እየደገመ፣ ምንጅላቱን ሲዘል «ተመለስ!» እየተባለ።