ማን ይወስናል? ክብደት የሚቀንሰው ቀዶ ሕክምናና የሰው ፈቃድ

ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች የማያነሡትን ጥያቄ ያነሣል። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ወይም አጥንት ሲሰበር ሐኪም የሚቆርጠው ወይም የሚጠግነው የተጎዳውን አካል ነው። እዚህ ግን ቢላዋ የሚያርፍበት ጨጓራ በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ እንዲታረም የሚፈለገው ሰውየው ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ስለዚህ ታካሚው ከማደንዘዣው በፊት ከባድ ነገር ይጠበቅበታል፤ ነገ የሚርበውን ራሱን ዛሬ በማይፈታ ውሳኔ ያስራል። ይህ የፈቃድ ሽንፈት ነው ወይስ የፈቃድ ሥራ? ረሃብና ጥጋብ ጎን ለጎን የሚኖሩባት ጂዛን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ ናት።

ጂዛን በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በቀይ ባሕርና በየመን ድንበር መካከል የምትገኝ ክልል ናት። ሳብያ፣ አቡ አሪሽ፣ ሳምጣህና አጡዋል በቆላው፣ አድዳይርና ፈይፋ ደግሞ በተራራው ላይ ይገኛሉ። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ማሽላ የሚያርስ፣ ከብት የሚያረባና ዓሣ የሚያጠምድ ነው። የነዳጅ ሀብት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አኗኗሩን ለወጠው፤ ማዕዱ ግን ለአራሽ ጉልበት እንደተሠራ ቀረ። ሥጋና አትክልት በድንጋይ ድስት የሚበስልበት መገሽ፣ ቂጣ ከሙዝ፣ ከቅቤና ከማር ጋር የሚታሽበት መርሳ ዛሬም የእንግዳ ክብር ናቸው። በዚያ ላይ ሩዝ፣ ለስላሳ መጠጥና መኪና ተጨመሩ፤ የበጋው ሙቀት ደግሞ በእግር መሄድን ከባድ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳዑዲዎች 28.7 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለባቸው መዝግቧል፤ በሴቶች 33.5፣ በወንዶች 24.1 በመቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የጂዛን ስም በዓለም ዜና ተሰማ። ኻሊድ ቢን ሙህሲን ሻኢሪ የተባለ ወጣት 610 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ከአልጋው መነሣት ካቃተውም ዓመታት አልፈው ነበር። የወቅቱ የሳዑዲ ንጉሥ አብዱላህ ወደ ሪያድ ተወስዶ እንዲታከም አዘዙ። ወጣቱ ከቤቱ በፎርክሊፍት ወጥቶ፣ ለእሱ ተብሎ በተሠራ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ በአውሮፕላን ወደ ንጉሥ ፋህድ ሜዲካል ሲቲ ተጓዘ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን አጣ። ከዚያ በኋላ ዓመታት በፈጀ የምግብ ቁጥጥር፣ የቀዶ ሕክምናና የፊዚዮቴራፒ ክትትል ከ70 ኪሎ በታች ደረሰ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። ልብ ብሎ ለሚያየው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው ትዕዛዙ ነው፤ አውሮፕላኑም፣ አልጋውም፣ የሐኪሞቹም ቡድን የመጣው ከንጉሡ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ናቸው። ንጉሥ ፎርክሊፍት ማዘዝ ይችላል፤ በሌላ ሰው እግር መራመድ ግን አይችልም። ሌላ ሰው የታካሚውን መንገድ ሊጀምርለት ይችላል፤ ሊሄድለት ግን አይችልም። ውሳኔ ፊርማ የሚያርፍባት አንዲት ቅጽበት ብቻ እንዳልሆነች ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፈቃድ ለምን ይሸነፋል የሚለው ጥያቄ በፍልስፍና ዘንድ ጥንታዊ ነው። በፕላቶን «ፕሮታጎራስ» ውስጥ ሶቅራጥስ ማንም ሰው እያወቀ የሚጎዳውን አይመርጥም ይላል። አርስቶትል በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሰባተኛ መጽሐፍ ይህን ሳይቀበል፣ ሰው የሚበጀውን እያወቀ ፍላጎቱ ሊያሸንፈው እንደሚችል ይከራከራል። አንዱ ጉድለቱን በእውቀት ላይ፣ ሌላው በጠባይ ላይ ያያል። የሰፈር ፍርድም ከዚህ አይርቅም፤ «አፉን ቢይዝ ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር» ይባላል።

ሳይንስ ግን በዚህ ፍርድ ላይ ሦስተኛ ወገን አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች በዋናነት ከጨጓራ የሚመነጭ፣ ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን አግኝተው ግሬሊን ብለው ሰየሙት። ሰው ክብደት ሲቀንስ የዚህ ሆርሞን መጠን ይጨምራል፤ ሰውነት የጠፋበትን እንዲመለስለት ይጠይቃል። በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቴሌቪዥን ውድድር ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምሮ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አብዛኞቹም ከቀነሱት ብዙውን መልሰው ጨምረው ነበር። እነዚህ ሰዎች በሚሊዮኖች ፊት ፈቃዳቸውን ያስመሰከሩ ናቸው። የተሸነፉት በስንፍና ነው ማለት እውነቱን መካድ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው በዚህ ሦስተኛ ወገን ላይ ነው። በሳዑዲ ተክሚም ተብሎ በሚታወቀው ዓይነት ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። ግሬሊን በብዛት የሚመነጭበት የላይኛው ክፍል አብሮ ስለሚሄድ የሚቀንሰው የሆድ ስፋት ብቻ ሳይሆን የረሃቡም ድምፅ ነው። ሁለተኛው ዋና ዓይነት፣ ኤድዋርድ ሜሰን በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ የጀመረው፣ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል። ዛሬ ሁለቱም በአብዛኛው በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ይሠራሉ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ሲመለሱ፣ ሰውነቱን እንዲህ የሚያስቀይር ሰው ፈቃዱን ለቢላዋ አስረከበ ይባላል? የኢትዮጵያ የጾም ሥርዓት ለዚህ መልስ ያቀርባል። ጾመኛ ሥጋና ቅቤ የሚተወው በየምሳው ከራሱ ጋር እየተሟገተ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ይቀመጣል፣ ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ጎረቤቱም ሽሮ ይሠራል። በረመዳንም የመግሪብ አዛን ለሁሉም እኩል ይሰማል። ሁለቱም እምነቶች ፈቃድ ብቻውን እንደማይቆም አውቀው ቀን፣ ወጥ ቤትና ማኅበር ደገፉት። በዚህ ድጋፍ የጾመ ሰው «ፈቃድ የለውም» አይባልም። ለፈቃዱ ድጋፍ የሚሻ ሰው ራሱን የሚያውቅ ሰው ነው። ቀዶ ሕክምናውም በዚህ ረገድ ድጋፍ ነው፤ ልዩነቱ ድጋፉ የሚተከለው ከሰውነት ውጭ ሳይሆን ውስጥ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ጾም ይፈታል፤ ፋሲካ አለው፣ ዒድ አለው። ተቆርጦ የወጣ ጨጓራ አይመለስም። ዛሬ የሚወስነው ሰው የሚያስረው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚኖረውን፣ ገና የማያውቀውን ራሱን ነው። ያ ሰው ሊያረጅ፣ ሊያረግዝ፣ ሊሰደድ ወይም ሊደኸይ ይችላል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ትክክል የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ እውቀት፣ ነፃነትና የሚቆይ አጋር።

እውቀት ማለት ጥቅሙንም ጉዳቱንም በልኩ መያዝ ነው። በ2022 የአሜሪካና የዓለም አቀፉ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ መሠረት ሕክምናው የሚመከረው የክብደትና የቁመት ልኬቱ (ቢኤምአይ) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው፤ ቁመቱ 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው ይህ 101 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከ30 እስከ 35 ላሉትም እንደ ስኳር ያለ ተያያዥ በሽታ ካለ ይታሰባል። በስዊድን የተካሄደ ረጅም ጥናት በ2007 ባወጣው ውጤት፣ በአማካይ 11 ዓመት ገደማ በተደረገ ክትትል፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የሞት ዕድል ካልተደረገላቸው 29 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ የአሜሪካ ዩታ ጥናትም በስኳር፣ በልብ በሽታና በካንሰር የሚመጣ ሞት በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ይኸው ጥናት ግን በአደጋና ራስን በማጥፋት የሚመጣው ሞት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ዘንድ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አልሸሸገም። ለዓመታት ኀዘኑን በምግብ ሲያስታግስ የኖረ ሰው ምግቡ ሲወሰድበት ኀዘኑ ይቀራል፤ ይህን አስቀድሞ ያልነገረ ሐኪም ስምምነት አግኝቻለሁ ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ነፃነት ነው፤ በጂዛን የድንበር ከተሞች ነፃነት ምን እንደሚመስል ደግሞ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከትግራይና ከጅማ የሚነሡ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው፣ ከሰዓዳ ተራራ ወደ ጂዛን ይወርዳሉ። የሚደርሱት ከስተው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ገልጿል፤ የሳዑዲ ወገን ክሱን መሠረት የለውም ብሏል። በዚያ ምድር አንዱ ሰውነት ከብዛት፣ ሌላው ሰውነት ከእጦት ይታመማል። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚለው ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ያለ የቤት ሠራተኛ ለሐኪም ቀጠሮ የምትወጣው ሲፈቀድላት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በማንኛውም ቀን ተይዞ ሊመለስ ይችላል። ዕድሜ ልክ ክትትል የሚጠይቅ ሕክምና ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ሰው፣ ገንዘቡ ቢኖረውም እንኳ፣ ገና ምርጫ አልሆነም።

ነፃነትን የሚጋፋው ሕግ ብቻ ሳይሆን የሰው ዓይንም ነው። በኢትዮጵያ ከዓረብ አገር የመጣች ልጅ «ሞላ ብለሽ መጣሽ» ከተባለች ምስጋና ነው፤ የተመቻት መሆኑ ይመሰከርላታል። ከስታ ከተመለሰች ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት መክሳት የበሽታው ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበርና ያ ፍርሃት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። መሙላትን የማወደሱ ልማድ የመነጨው ከእውነተኛ እጦት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ብቻ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። በሌላ በኩል የስልክ ስክሪን ቀጭን ወገብ ያሳያል። አንዱ ዓይን «አትቀንሺ»፣ ሌላው «ቀንሺ» ይላል። ለጉልበቷ፣ ለስኳሯና ለእንቅልፏ ብላ የወሰነች ሴት ውሳኔዋ የራሷ ነው፤ ለሐሜተኛ ወይም ለሠርግ ፎቶ ብላ የወሰነች ግን ሌሎች የወሰኑላት ናት።

ሦስተኛው አጋር ነው፤ አስፈላጊነቱ የሚታየው በሂደቱ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ጉበት እንዲያንስ ካሎሪው ዝቅ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ የሆነ ምግብ ብቻ ይወሰዳል። ሲጋራ ይቆማል፤ ደም፣ ልብና አእምሮ ይመረመራሉ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አንድ ሁለት ሰዓት ነው፤ የሞት አደጋው በጥሩ ማዕከል ከ1,000 አንድ ገደማ ነው፤ የተሰፋው ማፍሰስ፣ ደም መፍሰስና የደም መርጋት ግን ሊገጥሙ ይችላሉ። ከባዱ የሚጀምረው ቤት ሲደረስ ነው። ጂዛን ውስጥ በአንዳንድ ቤቶች ይህን ጊዜ ከታካሚዋ ጋር የምታሳልፈው ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ናት። የዶሮውን መረቅ ታፈላለች፣ ስቡን ትገፋለች፣ በጨርቅ ታጠልላለች፤ ከዚያም በመድኃኒት መለኪያዋ ትንሽ ኩባያ፣ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ቀድታ ታቀርባለች። ታካሚዋ ያንን ሩብ ሰዓት ትጠጣዋለች። በሚቀጥለው ክፍል ቤተሰቡ ትልቁን የሩዝ ትሪ ከቦ ይበላል። የሐኪሙ ሥራ አልቋል፤ የቀረው የታካሚዋ ትዕግሥትና ኩባያውን የምታቀብለው እጅ ነው።

ከፈሳሹ ወደ ላመ፣ ከላመ ወደ ለስላሳ ምግብ ለመድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ፕሮቲን ይቀድማል፤ መጠጥና ምግብ አይቀላቀሉም፤ ጣፋጭ በተለይ አንጀት ለተገናኘለት ሰው ላብ፣ ማቅለሽለሽና ፈጣን የልብ ምት ያመጣል። ቪታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ሴቶች ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲያዘገዩ ይመከራሉ። ጾመኞች ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሼኻቸውም ጋር መመካከር አለባቸው። በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰውነት ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆን ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት መመለሱ የተለመደ ነው።

በቅርቡ የመጡት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎች ጥያቄውን በከፊል ያቀልሉታል፤ ሊቆሙ ይችላሉና። ሲቆሙ ግን ክብደቱ በአብዛኛው ስለሚመለስ መጽናት ያለበት አሁንም ሰው ነው።

ስለዚህ ክብደት የሚቀንሰውን ቀዶ ሕክምና አውቆ፣ ሳይገደድና አጋር ይዞ የመረጠ ሰው ፈቃዱን አላስረከበም፤ የፈቃዱን ወሰን ለይቶ ድጋፍ አቁሞለታል። ሳያውቅ፣ ለሰው ዓይን ብሎ ወይም ብቻውን የገባበት ግን ባይሞትም ተጎድቷል። በቤተሰባቸው እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ የደረሰ ሰው ያላቸው ሁሉ «አፍህን ያዝ» ከማለት በፊት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት አብረውት እንደሚቆሙ ያረጋግጡለት። ውሳኔው የእሱ ነው፤ እንዲጸና ማገዝ ግን የእነሱም ግዴታ ነው።