የሰው ቤት ስጠብቅ ዕቃዬ የት ይቀመጥ?

ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ካናዳ የሚኖር፣ በሩ ተዘግቶ እንዳይቀር አንድ የታመነ ሰው የገባበት ቤት በአዲስ አበባ ብዙ ነው። ሲኤምሲን፣ ሰሚትን፣ አያትን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። እኔም ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው፤ የአንዱ ባለቤት ሲመለስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ኪራይ አልከፍልም፣ ደመወዝም አልቀበልም። ሥራው ግን ሥራ ነው። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ ሌሊት ተነሥቶ ሮቶ መሙላት አለ። የመብራቱን ሒሳብ መክፈል፣ ክረምት ሳይገባ አሸንዳውን ማስጠረግ፣ መስኮት እየከፈቱ ቤቱን ማናፈስ አለ። ሰው የማይተነፍስበት ቤት ቶሎ ይሻግታል።

ስለዚህ ኑሮ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው መታመንን ነው፤ ቁልፍ ለማን ይሰጣል፣ ማንስ አደራ አይበላም? ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የጠባቂዋ ዕቃ የት ይቀመጥ? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ስለ ንብረትና ስለ እንግድነት በቤተ ክርስቲያን የተማርሁትን ሁሉ ከሥሩ እንድመረምር ያደረገኝ ግን እርሱ ነው።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ሟቹ ባለቤቴ ያሠራልኝ የእንጨት ሳጥን፣ የእናቴ መሶብ፣ ጀበናና ረከቦት፣ ጋቢዎችና የበዓል ቀሚሶች፣ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ የልጆቼ ፎቶግራፎች፣ ተማሪዎቼ የጻፉልኝ ደብዳቤዎች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ።

የምገባበት ቤት ዋና መኝታ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይጠብቀኛል። መብታቸው ነው፣ አልቀየምበትም። በቀሩት ክፍሎች ያለው ቁምሳጥን ግን ሁሉ ሙሉ ነው፤ የሠርግ ሱፍ፣ ለልጆቹ የጠበበ ጫማ፣ የአየር መንገዱ ወረቀት እንደተለጠፈበት ያልተፈታ ሻንጣ። ብፌው በብርጭቆ ተሞልቷል። የእህቴ ልጅ በስልክ ‹‹አክስቴ፣ ቤቱ እኮ ያንቺው ነው፣ እንደ ልብሽ ሁኚ›› ትለኛለች። ከልቧ እንደምትለው አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ቤት አንድ ባዶ መደርደሪያ የለም። ስለዚህ ሳጥኔ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ መሶቤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሰርቪስ ቤት ይገባል፣ እኔም ከሻንጣ ልብስ እያወጣሁ እለብሳለሁ። ለሳምንት ማንም ይችለዋል። ዓመት ካለፈው ግን ሰው በዚያ ቤት ያድራል እንጂ አይኖርም።

ይህን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ‹‹ልጄ፣ በዚህ ዓለም ሁላችንም እንግዶች አይደለንም? ዕቃስ ምን ያደርግልሻል?›› አሉኝ። እወዳቸዋለሁ፣ ቃሉም እውነት ነው። ቤቴ ገብቼ ግን መጽሐፉን ገለጥሁና ይህ ቃል በመጀመሪያ ለማን እንደተነገረ ፈለግሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ እግዚአብሔር ምድሪቱ የእርሱ እንደሆነች፣ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደሆኑ ይናገራል። የሚናገረው ግን ርስት ላላቸው ነው። ከዚህ የተነሣ ምድሪቱን ለዘላለም አትሽጡ፣ ደሀ ወንድማችሁ የሸጠውን መልሶ የሚዋጅበትን መንገድ አትዝጉ ይላቸዋል። እንግዳ ናችሁ መባሉ ባለ ርስቱን የሚያስር ሕግ ነው፤ ምንም የሌለውን ዝም የሚያሰኝ ቃል አይደለም። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናሰማው በረንዳ ላይ ለቆመው ነው።

አብርሃምም እንግድነቱን አልካደም። በዘፍጥረት 23 በኬጢ ልጆች ፊት ቆሞ በመካከላችሁ እንግዳና መጻተኛ ነኝ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ምን አስከተለ? ለሣራ መቀበሪያ የሚሆን የራሱ ቦታ ጠየቀ። ኤፍሮን በነፃ ልስጥህ ቢለውም እሺ አላለም፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ፣ በሕዝቡ ሁሉ ምስክርነት ገዛ። የእምነት አባት የተባለው ሰው እንግዳ መሆኑንና የራስ የሚሉት ቦታ መፈለጉን በአንድ ንግግር ውስጥ አብሮ ይዞታል። ሁለቱ ይቃረናሉ ብሎ ያላሰበውን እኔ ለምን እንደ ኃጢአት ልቁጠረው?

ቅዱስ ጳውሎስስ? ወደ ጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት፣ የመሄጃዬ ጊዜ ደርሷል ባለበት በዚያው ምዕራፍ፣ በጢሮአዳ በአክርጳ ቤት የተወውን በርኖስና መጻሕፍት፣ ይልቁንም ብራናዎቹን፣ እንዲያመጣለት ይለምናል። ክረምት ሳይገባ ናም ይለዋል። ሞቱን የሚጠባበቅ ሐዋርያ ልብሱ በማን ቤት እንዳለ ያስታውሳል። ስለ አክርጳ መጽሐፍ ቅዱስ ከዚህ በቀር የሚነግረን የለም፤ ስሙ በመጽሐፍ ተጽፎ የቀረው የመንገደኛ ዕቃ በቤቱ ስላለ ነው። አክርጳን ባገኘው የምጠይቀው ብዙ ነበረኝ። በርኖሱን የት ሰቀለው? ብራናዎቹን ከአይጥና ከእርጥበት እንዴት ጠበቃቸው?

ከሁሉ ይልቅ የማሰላስለው ግን የሱነማዊቷን ሴት ታሪክ ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ይገኛል። ኤልሳዕ በሱነም ባለፈ ቁጥር በቤቷ እንጀራ ይበላ ነበር። ሀብታም ሴት ስለሆነች ከነበራት ክፍል አንዱን ለማደሪያ ብትሰጠው ይበቃ ነበር እንል ይሆናል። እርሷ ግን ባሏን አማክራ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል አሠራችለት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ አስገባችበት። የራሷን ሻንጣ አላስቀመጠችበትም። ነቢዩ በማይኖርበት ጊዜም ክፍሉ የእርሱ ሆኖ ቆየ። ይህን የምናውቀው ልጇ በጉልበቷ ላይ በሞተ ጊዜ አውጥታ በእግዚአብሔር ሰው አልጋ ላይ ካስተኛችው በኋላ በሩን ዘግታ ስለሄደች ነው። እርሱ በዚያን ሰዓት ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነበር።

ኤልሳዕ ውለታዋን ሊከፍል ፈልጎ ለንጉሡ ወይም ለሠራዊቱ አለቃ ልንገርልሽን ቢላት፣ በወገኖቿ መካከል እንደምትኖር ነገረችው። ቦታ ያላት ሴት መልስ ነው። ምዕራፍ 8 ላይ ግን ራብ መጣና ያችው ሴት 7 ዓመት በፍልስጥኤም ምድር እንግዳ ሆነች። ስትመለስ ቤቷና እርሻዋ በእጇ አልነበሩምና ወደ ንጉሡ ጮኸች። ንጉሡም ያላትን ሁሉ ከመመለስ አልፎ፣ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ እርሻው ያፈራውን ጭምር እንዲሰጧት ሹም አዘዘላት። ለእንግዳ ክፍል የሠራችው ሴት እንግዳ ሆነች፣ ቤቷንም ትታ የሄደች ሆነች። ውጭ አገር ያሉት የቤቶቹ ባለቤቶችና እኔ የምንገናኘው እዚህ ላይ ነው። እነርሱም በሰው አገር በጠባብ አፓርታማ ይኖራሉ፣ የእናታቸውን ፎቶግራፍ የሚሰቅሉበት ግድግዳ እንኳ የተከራዩት ነው። ልባቸው ያለው በአዲስ አበባው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ሱፉን ማንሣት የሚከብዳቸው። ይህን ስለማውቅ አልፈርድባቸውም፤ ጥያቄዬን ግን አልተውም።

መነኩሴ ሁሉን ትቶ ይመንናል፣ የእኔ ግን ምናኔ አይደለም። በአንድነት ገዳም ያለ መነኩሴ የእኔ የሚለው ንብረት ባይኖረውም ጋደም የሚልበት በዓት አለው፤ የተወውንም ወድዶ ነው የተወው። ሌላ ሰው ቦታ ስለነፈገው የሚመጣን ማጣት በምናኔ ስም መጥራት መነኮሳቱንም መበደል ይመስለኛል።

ጌታ በምድር ላይ የሚከማችን መዝገብ ብል እንደሚበላው ተናግሯል። ብል ምን እንደሚሠራ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ። በአንድ ቤት ባለቤቱን አስፈቅጄ የተቆለፈውን ቁምሳጥን ስከፍት፣ ሱፉ ትከሻው ላይ ወንፊት ሆኖ አገኘሁት። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ቁምሳጥኑን ወልውዬ ናፍታሊን አስገባሁበት፣ መልሼም ቆለፍሁት። ሳጥኔ ያን ጊዜም ኮሪደር ላይ ነበር። ለሌለ ሰው የተጠበቀውን ቦታ ያህል በቤቱ ላለ ሰው አልተጠበቀም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በሳጥን የተቆለፈው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው ብሎ አስተምሯል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ ሱፉን አልፈልገውም። የምፈልገው ሱፉ የተሰቀለበትን ቦታ ግማሽ ነው።

አያት ስኖር ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሐጂ ይህን ሲሰሙ የነቢዩ ሙሐመድን ስደት አነሡልኝ። ነቢዩ ከመካ ሌሊት ሲወጡ ዐሊ በመኝታቸው ተኛ፤ ከዚያም ሰዎች በአደራ ያስቀመጡትን ዕቃ ለየባለቤቱ መልሶ ወደ መዲና ተከተላቸው። ካስቀመጡት መካከል የሚያሳድዷቸው የመካ ሰዎች ነበሩበት። ‹‹እትዬ፣ ታማኝ የሚባለው እኮ በቤቱ ለሰው ዕቃ ቦታ ያለው ነው›› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አደራን በሁለት በኩል አየዋለሁ። እኔ የእነርሱን እጠብቃለሁ፤ የእኔም ዕቃ በእነርሱ ጣሪያ ሥር እስካለ ድረስ አደራው በእነርሱም ላይ ነው።

ስለዚህ አሁን ቤት ከመረከቤ በፊት ባዶ ቁምሳጥን ከነቁልፉ እጠይቃለሁ፣ ዕቃዬንም በዝርዝር አስጽፋለሁ። ዕድሜዬ ገፍቷልና በሰው ቤት ሳለሁ ልሞት እችላለሁ፤ ልጆቼ በለቅሶ ማግሥት መሶቡ የማን ነው፣ ሳጥኑስ የማን ነው እያሉ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲከራከሩ አልፈልግም። በቅርቡ የምገባበት ቤት ባለቤት ቀድሞ ያስተማርኋት ልጅ ናት። ስነግራት ‹‹ቲቸር፣ እንዴት ሳላስበው!›› አለችና ወንድሟን ልካ ሻንጣዎቿን ከአንዱ መኝታ ክፍል አስወጣች። ዝርዝሩን ሁለታችንም ፈርመንበታል፤ አንዱ ቅጂ በእርሷ ዘንድ ነው፣ ሌላው በታላቁ ልጄ እጅ።