በሰው እግር መወራረድ

ውርርድ የሚለው ቃል ወደ ስፖርት ሜዳ ከመሻገሩ በፊት የችሎት ቃል ነበር። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ በነገራቸው እውነተኛነት ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ ይወራረዱ ነበር፤ የተሸነፈውም ያስያዘውን ይከፍላል። ክፍያው ለዳኛው መግባቱ ለብዙ በደል በር መክፈቱ አይካድም፤ ሥርዓቱ በዘመናዊው የሕግ ሥነ ሥርዓት መሻሩም ተገቢ ነበር። ይሁንና በዚያ ውርርድ ውስጥ ዛሬ የጠፋ አንድ ነገር ነበረ፤ ሰውየው የሚወራረደው በገዛ ቃሉ ላይ ነው። ቢሸነፍ የሚያፍረው በራሱ ሐሰት ነው፤ ቢያሸንፍም የሚኮራው በራሱ እውነት ነው።

ዛሬ ቃሉ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመላለሳል። የእጅ ስልክ በደረሰበት ሁሉ የስፖርት ውርርድ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አሶሳም ከዚህ አላመለጠችም። በማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ወጣት የእንግሊዝን የእግር ኳስ ክለቦች እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥራል። በየአራት ዓመቱ ኦሊምፒክ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ሩጫው፣ ዋናው፣ ቦክሱና ቅርጫት ኳሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተያይዘው ስለሚጎርፉ፣ ተወራራጁ አንዱን ከሌላው፣ አንዱን ዘዴ ከሌላው ዘዴ ጋር የማቀናጀት ፍላጎት ያድርበታል። አንድ ዘዴ ብቻውን ቢከዳ ሦስቱ ተባብረው አይከዱም የሚለው እምነት የሚወለደው ከዚህ ነው። ይህ እምነት በሒሳብም በኅሊናም ሚዛን ሊመረመር ይገባዋል።

የዘዴዎቹ ስም ብዙ ነው፤ ሥራቸው ግን ከሦስት እምብዛም አይዘልም። አንደኛው ማቆራኘት ነው፤ አምስት ውድድሮችን ባንድ ትኬት አስሮ፣ አምስቱም ከሠመሩ ብዙ እጥፍ መቀበል። ሁለተኛው ማጠፍ ነው፤ በተሸነፉ ቁጥር መያዣውን እጥፍ እያደረጉ የጠፋውን ማሳደድ። ፈረንሳውያን ከ18ኛው ምእት ዓመት ጀምረው ማርቲንጌል ይሉታል። ሦስተኛው መሸፈን ነው፤ በአንዱ ሯጭ ላይ ብቻ ሳይሆን በተፎካካሪውም ላይ ገንዘብ ማስያዝ።

ኃይላቸው ፍጹም እኩል የሆነ ሁለት ተፎካካሪዎች ለምሳሌ ይወሰዱ። አወራራጁ ድርጅት ቅን ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ብር ሁለት ብር በመለሰ ነበር። እርሱ ግን በሁለቱም ፊት 1.85 ብሎ ይጽፋል። ተጫዋቹ «ኦድ» የሚላት ይህች ቁጥር ናት ድርጅቱን የምታኖረው፤ ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነውና። አምስት እንዲህ ያሉ ውድድሮች ሲቆራኙ የሚመለሰው አማካይ ወደ 67 ብር ከ70 ሳንቲም ይወርዳል። ተወራራጁ አምስት ዕድሎችን ያቆራኘ ይመስለዋል እንጂ ያቆራኘው አምስት ቀረጦችን ነው። ማጠፉማ ይብሳል። በ20 ብር የጀመረ ሰው ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በአራተኛው ቢያሸንፍ፣ እስከዚያ ያወጣው 20፣ 40፣ 80ና 160፣ በድምሩ 300 ብር ነው። የመጨረሻው 160 ብር በ1.85 ተባዝቶ የሚያመጣለት ግን 296 ብር ነው። አሸንፎም አራት ብር ከስሯል። ይህን ስሌት ለመሥራት ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ የበለጠ አያስፈልግም፤ ሆኖም ዘዴው ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እንደ መድኃኒት ሥር በምስጢር ይተላለፋል።

እንግዲህ ሁለቱን ጉድለቶች ማዳመር ሙላት አያመጣም። የዕድል ስሌት የሚባለው ሳይንስ ያደገው ፓስካልና ፌርማ በ1654 እ.ኤ.አ. ስለተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ድርሻ አከፋፈል ከተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ነው፤ ቁማርተኛው የጠየቀው ጥያቄ ወልዶ ያሳደገው ሳይንስ ግን ተመልሶ የቁማርተኛውን ተስፋ አፈረሰ። ሪቻርድ ፎን ሚዘስ በ1919 እ.ኤ.አ. የዕድልን ትርጉም የመሠረተው ራሱ፣ የጨዋታን ዕድል በረጅሙ ሊለውጥ የሚችል ምንም ዓይነት የአጨዋወት ዘዴ የለም በሚለው ሐሳብ ላይ ነበር።

የነገሩ ክብደት ሒሳብ ብቻ ቢሆን መምህራን በክፍል ባስረዱት ባበቃ ነበር። አያበቃም፤ ምክንያቱም ወጣቱ መክሰሩን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። በ20 ብሩ የሚገዛው ገንዘብ ሳይሆን ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ተስፋ ነው። ተምሮ ሥራ ላጣ ሰው፣ ነገ ከዛሬ የተለየ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሌላ ድምፅ በአካባቢው ከሌለ፣ ትኬቱን በንቀት ማየት ቀላልም ግፍም ነው። ደግሞም ዕድልን በመሸጥ መንግሥትም ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጣ ሲሸጥ ኖሯል። በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ ለተገነባው ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ እንኳ በ8100 አጭር የስልክ መልእክት ዕጣ እየወጣ ገንዘብ ተሰብስቧል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከዕድል ጨዋታ የሚገኝ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ገቢ 15 በመቶ እንዲከፈልበት ደነግጓል። እርግጥ በ8100 ያልደረሰው ሰው ገንዘቡ ኮንክሪት ሆኖ በዓባይ ላይ ቆሟል፤ የውርርዱ ተሸናፊ ገንዘብ ግን የት እንደቆመ የሚያሳየው የለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያም ሆኖ ለበጎ ሥራ ቢሆን እንኳ ዜጋን በሽልማት ጉጉት ማነሣሣት ምን ዓይነት ልማድ እንደሚያስተምር መጠየቁ ክፋት የለውም።

የአሶሳ ሰው አንድ መልስ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ የወርቅ አገር ነው። የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጓው አንዱ የዚህ አካባቢ ወርቅ ነበር፤ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም ለዳግማዊ ምኒልክ የገበሩት በወርቅ ነው። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ዛሬም ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈሩን በገበቴ አጥቦ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ዕድሉን የሚሞክር አይደለምን? ይህ ከተፈቀደ የስልኩ ውርርድ በምን ይከፋል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ የወርቅ ቆፋሪውን ኑሮ በማሳመር የሚመለስም አይደለም። ጉድጓድ ይደረመሳል፤ ገዢው በሚዛኑ ያታልላል። ነገር ግን ባዶ እጁን የተመለሰው ቆፋሪ ስለ አፈሩ አንድ ነገር አውቆ ይመለሳል፤ ወንዙም ቆፋሪው ሁልጊዜ እንዲከስር አስቀድሞ አስልቶ ዋጋ አልለጠፈም። ባዶ እጁን የቀረው ተወራራጅ ያወቀው ነገር ቢኖር ሌላ ዘዴ እንደሚያስፈልገው ብቻ ነው።

ብዙ የከተማው ነዋሪዎች የሚከተሉት የእስልምና ሃይማኖት ቁማርን መይሲር ብሎ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ ይከለክላል። ሆኖም በፈረስና በግመል እሽቅድምድም፣ በቀስት ውርወራም ለተወዳዳሪው ሽልማት መያዝን የሃይማኖቱ ሊቃውንት በሥርዓት ፈቅደዋል። ፈቃዱ የተሰጠው ለሚጋልበውና ለሚወረውረው ነው፤ ዳር ቆሞ ለሚያየው አይደለም። የዘመኑ ሕግ ነገሩን ገልብጦታል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ተወዳዳሪው በኦሊምፒክ ውድድር ላይ እንዳይወራረድ ይከለክላል፤ ለውድድሩ ንጽሕና ሲባል ትክክል ነው። በውጤቱ ግን ዛሬ መወራረድ የሚችለው ያልሮጠው ብቻ ሆኗል።

ለማይሮጠው ደግሞ ሯጩ ምንድን ነው? ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ የወንዶች ማራቶን ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቅ ሲያመጣ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ርቀት በወንዶች ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ ያጣችውን አገኘች። ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ የተሰለፈው ሲሳይ ለማ በጉዳት በመውጣቱ ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈው ኤሊውድ ኪፕቾጌ በበኩሉ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ከወራት በፊት ስሌቱን የጨረሰ ተወራራጅ የአሸናፊውን ስም ከተሰላፊዎቹ መካከል አያገኘውም ነበር። ይህ ግን የዘዴውን ድክመት እንጂ ነውሩን አያሳይም። ነውሩ ያለው የሲሳይ ጉዳትና የኪፕቾጌ ድካም በሰንጠረዡ ውስጥ የሚያዝ ቁጥር፣ አንዳንዴም የምሥራች በመሆኑ ነው። ካንት ሰው ለሌላው መሣሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ሲያስጠነቅቅ ስለ ማራቶን አላሰበ ይሆናል፤ ቃሉ ግን እዚህ ይደርሳል።

ከሦስቱ ዘዴዎች መሸፈን የመጨረሻው፣ ለአስተዋዩም እጅግ የሚያጓጓው ነው። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሰለሞን ባረጋ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱን ኡጋንዳዊውን ጆሹዋ ቼፕቴጌይን ቀድሞ ገባ። በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት፣ ከሁለቱ ማን ይቀድማል በሚለው ላይ በእያንዳንዳቸው 100 ብር ያስያዘ አንድ ሰው አለ ይባል፤ ኦዱም እንደቀድሞው ምሳሌ በሁለቱም ፊት 1.85 ይሁን። ባረጋ ቢቀድም 185 ብር ይቀበላል፤ ቼፕቴጌይ ቢቀድምም 185 ብር ይቀበላል፤ ያወጣው 200 ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል በዙሪያው ያሉት ሁሉ ተነሥተው ይጮኻሉ። እርሱ የሚመኘው ነገር የለም፤ ዘዴው ፍጹም ሆኖለታልና። ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሩጫውን ያየበት ዋጋ 15 ብር ነው።