ሸክምና ሽርሽር በእንጦጦ መንገድ

ተራራ መውጣት ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው እንጀራ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያቀናው ዳገት ይህን ሐቅ በየማለዳው ያሳያል። አንዱ ወገን ከከተማው ጭስና ጫጫታ ተላቆ ንጹሕ አየር ለመሳብ፣ ጉልበቱን ለማፍታታትና ዐይኑን በአረንጓዴ ለማሳረፍ ወደ ላይ ይወጣል። ሌላው ወገን፣ በአብዛኛውም ሴት፣ የለቀመችውን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በገመድ ጠፍራ፣ ከወገቧ ጎብጣ፣ ዐይኗን ከእግሯ ሥር ሳትነቅል ወደ ታች ትወርዳለች። ሁለቱ በአንዲት ቀጭን መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በዚያች ቅጽበት ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይነሣል፤ መንገድ የሚለቀው ማነው?

ጥያቄው የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከበስተጀርባው ሌላ ጠንከር ያለ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰው ሌላው በሚደክምበት ስፍራ ደስታ ሲያገኝ፣ ያ ደስታ ምን ግዴታ ያስከትልበታል? የሚል ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ለሚሻ ሁሉ እንጦጦ ቀዳሚው ምርጫ መሆኑ ተገቢ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ አለው። በማለዳ የተነሣ እግረኛ ፀሐይ ሳትበረታ ዳገቱን ጨርሶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባትን የማርያምን ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቧ የሚገኘውን የጥንቱን ቤተ መንግሥት ለማየት ይችላል። ከዚያም በተራራው ጀርባ ላይ ሲጓዝ ሁለት ዓለም በግራና በቀኝ ይዘረጋለታል። በስተ ደቡብ ከተማይቱ፣ በስተ ሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። በደቡቡ ተዳፋት ላይ የወረደው ዝናብ በአቃቂ በኩል አዋሽን ተቀላቅሎ ወደ አፋር በረሃ ይዘልቃል። በሰሜኑ ላይ የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። በዚህ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው የሁለት ታላላቅ ወንዞችን ድንበር ረግጦ መቆሙን ካወቀ፣ የጉዞው ትርጉም ከአካል እንቅስቃሴ ያልፋል።

ነገር ግን መልክዓ ምድሩ ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሥራና የሰው ችግር ታሪክም ነው። ሰፈሩ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርዶ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ ብዙ ዓመታት ሳይቆጠሩ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። ችግሩ ከመጥናቱ የተነሣ በ1893 ዓ.ም. ግድም መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች ዋነኛው ከአውስትራሊያ ምድር የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሽርሽረኛው «ተፈጥሮ» ብሎ የሚያደንቀው ደን ሰው ለማገዶ ብሎ የተከለው ነው። ከተማይቱ የቆመችው በእንጨት ነው ከተባለ፣ እንጨቱ ከተራራው የወረደው በማን ጀርባ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው፣ ወገን ሸክም ተሸክሞ ሳለ ለደስታ መራመድ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ዕረፍትን የጥቂቶች ርስት አድርጎ የሚተው በመሆኑ ተቀባይነት የለውም። ሳምንቱን ሲሠራ የሰነበተ ሠራተኛ፣ ተማሪዎቹን ከመጽሐፍ ወደ ምድሪቱ የሚያወጣ መምህር፣ ብርሃንና ቀለም የሚፈልግ ሠዓሊ፣ ሁሉም አካላቸውንና አእምሯቸውን የሚያድሱበት ስፍራ ያሻቸዋል። ዕረፍት የሥራ ጠላት ሳይሆን የሥራ አጋር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት፣ እንጨት ለቃሚዋ የደን ጠላት ናት የሚለው ነው። ደን መጠበቅ እንዳለበት አያከራክርም፤ የተራቆተ ተዳፋት ጎርፉን የሚያወርደው በከተማው ላይ ነው። ሆኖም ከ30 ኪሎ የማያንስ ሸክም ተሸክማ የምትወርደው ሴት እንጨቱን የምታነደው ለራሷ ብቻ አይደለም። ምጣዱ የሚሰማው ከታች፣ በከተማው ጓዳ ነው። የጥበቃው ቁጣ ለረጅም ዘመን ያረፈው ግን በእርሷ ላይ ነው። እሳቱን የሚሞቀው ብዙ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን አንዲት ሴት ብቻ እንድትሸከም ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

የደን ጥበቃም ቢሆን ዋጋ የሚከፈልበት መሆኑን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ያስረዳል። ትውፊት እንደሚለው በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውበታል። ዛሬም በዚያ የሚጓዝ ሰው በጽድ፣ በዝግባ፣ በወይራና በኮሶ ጥላ ሥር ያልፋል፤ ጉሬዛና ድኩላም ያያል። ይህ ሁሉ ሊገኝ የቻለው ለብዙ ትውልድ «አትቁረጥ» ስለተባለ ነው። «አትቁረጥ» የተባለው ግን በአብዛኛው የደኑ ጎረቤት የሆነው ገበሬ እንጂ ከሩቅ መጥቶ አድንቆ የሚመለሰው እንግዳ አይደለም። የእንግዳው አድናቆት የጎረቤቱን ዋጋ የማይቆጥር ከሆነ ጎዶሎ ነው።

ይህ ነገር ኪነ ጥበብንም ይመለከታል። እንጨት የተሸከመችው ሴት በሥዕልና በፎቶግራፍ ደጋግማ ታይታለች። ብዙውን ጊዜ ግን የታየችው እንደ ተራራው ጌጥ ነው። ጉብጠቷ የመስመር ውበት፣ ሸክሟ የቀለም ማመጣጠኛ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል ሸክም ጌጥ የሚሆነው ለብዙዎች ሲከፋፈል መሆኑን ያስተምራል። ሸክሙ እንዳለ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ቀርቶ ጌጥነቱ ብቻ ለተመልካች ሲከፋፈል ግን ብሂሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ሠዓሊው እርሷን መሣል የለበትም ማለት አይደለም፤ ክብደቱን ጭምር ይሣል ማለት ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። መንገዱን በችግር የሚመላለስበት ሰው ባለቤት ነው፤ ለደስታ የሚራመድበት እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ወግ አለው። ባለሸክም ስትመጣ ዳር ይይዛል፤ «በርቺ» ይላል፤ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አያነሣም። አርፋ የነበረች ተሸካሚ «እስቲ ያሸክሙኝ» ስትል እጁን ይሰጣል። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ታላቅ ቁም ነገር አለ። ሰው ከባድ ሸክም ብቻውን ሊያነሣ አይችልም፤ የሌላው እጅ ያስፈልገዋል።

ዳሩ ግን መንገድ መልቀቅ ከሸክሙ ላይ አንዲት ኪሎ አይቀንስም። ማሸከም መልካም ነው፤ ከሸክም ማሳረፍ ግን ይበልጣል። ከተሸካሚዎቹ መካከል በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና የተኩ መኖራቸው ነገሩ የማይቻል እንዳልሆነ ያስመሰክራል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የተራራው ሽርሽረኛ በርክቷል። ስለሆነም በዚያ የሚገኘው ገቢና የሚፈጠረው ሥራ ለማን ደረሰ? ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ተጓዥ ድርሻ ነው። መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ ተራራው ሲያወጣ የዛፎቹን ስም ብቻ ሳይሆን እንጨቱ የሚሄድበትንም ምጣድ ቢያሳያቸው ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

የአንድ መንገድ መልካምነት የሚለካው ስንት ሰው ተደሰተበት ተብሎ ብቻ አይደለም። ትናንት በዚያው ዳገት ጎብጣ የወረደችው ሴት አንድ ቀን ከልጆቿ ጋር፣ ጀርባዋ ባዶ፣ ወገቧ ቀና ብሎ ወደ ላይ ስትወጣና፣ ከሸንተረሩ ላይ ቆማ ውሃው ወዴትና ወዴት እንደሚወርድ ለማየት ጊዜ ስታገኝ፣ ያን ጊዜ መንገዱ በእውነት የሁሉም ሆኗል ለማለት ይቻላል።