ሰንደቁን የያዘው ዋናተኛ

የኦሊምፒክ መክፈቻ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የእኛ ተመልካች የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። ርችቱም፣ ጭፈራውም፣ የአስተናጋጇ አገር ታሪክ በብርሃን መተረኩም ማሟሻ ነው። አገሮች በተራ መግባት ሲጀምሩ ግን ወሬ ይቆማል። ኢትዮጵያ ለጥቂት ሰከንድ ታይታ ስታልፍ ፍርድ ይጀመራል፦ ልብሱ ለምን እንዲህ ሆነ? ለምን ጥቂት ሆኑ? ሰንደቁን የያዘው ማነው?

የሪዮ መክፈቻ የተላለፈው ለሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። እንቅልፉን ታግሎ የቆየ ሰው በሰንደቁ ሥር ያየው ጥሩነሽ ዲባባን አልነበረም፤ ሮቤል ኪሮስ የሚባል ወጣት ዋናተኛ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 3፣ ሮቤል በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻው ሆነ። በገንዳው ዙሪያ የነበረው ሕዝብ አጨበጨበለት። የዓለም ጋዜጦች ግን «ዓሣ ነባሪው ሮቤል» ብለው በሰውነቱ ተሳለቁ። አባቱ የአገሪቱ የውኃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት መሆናቸው ሲታወቅ ደግሞ የእኛው ሰው ተቆጣ፦ ሰንደቁም ውድድሩም የዘመድ ሥራ ነው ተባለ።

ጥያቄው አግባብ ነበረው። የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ልጅ ለኦሊምፒክ ሲመረጥ ምርጫው በምን መስፈርት እንደተደረገ ሕዝብ ቢጠይቅ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ ጥያቄው ወደ ልጁ ሆድ መዞሩ ነው። ሮቤል ሁሉም ሰው በሚሮጥበት አገር ሌላ ነገር መሞከር እንደፈለገ ተናግሯል፤ ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም።

ስለ ሰንደቁም ቢሆን ያን ሰሞን ብዙ ያልተነገረ ነገር አለ። በለንደን 2012 ሰንደቁን የያዘችው ያኔት ሥዩም ናት፤ ዋናተኛ። ከሪዮ ቀጥሎ በቶኪዮ የያዘው አብዱልማሊክ ሙክታር ነው፤ እሱም ዋናተኛ። ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ መሆኑ ነው። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የውድድሩን ሰሌዳ ማየት ይበቃል። ዋና የሚጀመረው በመክፈቻው ማግሥት ሲሆን አትሌቲክስ የሚመጣው ሳምንት ዘግይቶ ነው፤ በመክፈቻው ዕለት ዋናተኛው በቦታው ይገኛል፣ ሯጩ ግን ገና ላይደርስ ይችላል። በሪዮ አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው ነሐሴ 6 ነው። እንዲህ ያለ ውድድር የሚጠብቃት ሯጭ ሰዓታት በእግሯ ቆማ ሰልፍ እንድትጠብቅ የሚፈቅድ አሰልጣኝ ማግኘት ይከብዳል። በቤጂንግ 2008 ችግሩ በሌላ መንገድ ተፈታ፤ ሰንደቁን የያዙት የሞስኮው ጀግና ምሩጽ ይፍጠር ነበሩ፣ በሚቀጥለው ቀን የሚሮጡት ነገር አልነበረባቸውም። ለእኔ ከሁሉም ያማረው ይህ ምርጫ ነው።

ውድድሩን በተመለከተ ደግሞ፣ ኦሊምፒክ በሰዓታቸው ማለፍ የሚችሉ ዋናተኞች ለሌሏቸው አገሮች ጥቂት ቦታ ይተዋል። ዓላማው ስፖርቱ በሁሉም አገር እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ሮቤል የማንንም ሜዳሊያ አልነጠቀም። ሊጠየቅ የሚገባው በዚያች ቦታ ሌላ ማን ሊወዳደር ይችል እንደነበርና ዕድሉን ማን እንደሰጠው ወይም እንደነሳው ነው።

ይህ ጥያቄ ባሕር ዳር ላይ ሲነሳ ክብደቱ ይጨምራል። የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ጣና ደጃፏ ላይ ነው፤ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ወደ ዘጌ የሚቀዝፉ ሰዎች ውኃን ከልጅነታቸው ያውቁታል። በእርግጥ ጣና ገንዳ አይደለም። ቢልሃርዚያ አለው፣ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው እምቦጭ ተንሰራፍቷል። ሐይቅ አጠገብ መወለድ በ50 ሜትር ገንዳ ውስጥ ሰዓት አያሻሽልም፤ አሰልጣኝና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። ቢሆንም በሮቤል ላይ ከወረደው ስድብ ጥቂቱ እንኳ «ከጣና ዳር ልጆች መካከል ማጣሪያ ተደርጎ ያውቃል ወይ?» ወደሚል ጥያቄ ቢለወጥ መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን መፈለግ ይጀመር ነበር።

ባሕር ዳር ግን ያን ሰሞን ስለ ዋና ለመከራከር ፋታ አልነበራትም። ከመክፈቻው ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1፣ በከተማዋ በተካሄደው የተቃውሞ ሰልፍ ብዙ ሰው ተገደለ። ነሐሴ 15 ደግሞ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የተቃውሞ ምልክት አሳየ፤ የሪዮ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያውያን በዋናነት የሚታወሰው በዚያ ነው። ቡድኑ 1 ወርቅ፣ 2 ብርና 5 ነሐስ ይዞ ተመለሰ። በአትሌቲክሱ ቤት የነበረው ቅሬታ አድራሻ አገኘ፦ የቀድሞ አትሌቶች አመራሩ ይቀየር ብለው ተነሡ፣ በጥቅምት 2009 ኃይሌ ገብረሥላሴ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የዋናው ቁጣ ግን በአብዛኛው በአንድ ልጅ ፎቶ ላይ አለቀ።

ፓሪስ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. መክፈቻውን ከስታዲየም አውጥታ ሴን ወንዝ ላይ አደረገችው። ስፖርተኞቹ በ85 ጀልባዎች ተጭነው በዝናብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በዓለም ዙሪያ የተመልካቹ ክርክር የመጨረሻውን እራት ያስታውሳል በተባለው ትርዒት ላይ ሆነ፤ አዘጋጆቹም ቅር ለተሰኙት ይቅርታ ጠየቁ። የእኛን ሰንደቅ የያዘው የእርምጃ ተወዳዳሪው ምስጋና ዋቁማ ነበር። እርምጃ ከሌላው አትሌቲክስ ቀድሞ፣ ሐምሌ 25፣ የተካሄደ በመሆኑ ምስጋና ቀድሞ ፓሪስ መግባት ነበረበት፤ በ20 ኪሎ ሜትር 6ኛ ወጣ። እሱስ በማን ውሳኔ፣ በምን መስፈርት ተመረጠ ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። 6ኛ ወጥቷላ።